ወጣት ዘፋኝ የሚበስለው በመድረክ ነው

በልጅነታቸው በዘፈን ስም ያወጡ ሰዎች ካደጉ በኋላ ምን ይሆናሉ? ጥያቄው የዋዛ ይመስላል እንጂ የዋዛ አይደለም። ሕዝብ ልጅን የሚወደው በልጅነቱ ነው፤ የፊቱን ልስላሴ፣ የድምፁን ቅጥነት፣ አለባበሱንና ሳቁን ነው። ጢሙ ባቆጠቆጠና ድምፁ በጎረነነ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ይሄዳል፤ የሚቀረው ዘፈኑ ብቻ ነው፤ ዘፈኑም ባዶ ከሆነ ምንም አይቀርም። ስለዚህ አንዳንዱ በሃያ ዓመቱ ይረሳል፤ አንዳንዱም በአሥራ አምስት ዓመቱ የዘፈነውን በአርባ ዓመቱ እየደጋገመ ይኖራል፤ ጥቂቱ ግን ከልጅነቱ ወጥቶ እውነተኛ ዘፋኝ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚህን ጥቂቶች ከሌሎቹ የለያቸው ዕድል ወይም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በሰው ፊት፣ ያለ ማረሚያ፣ ድምፃቸውን አውጥተው መዝፈናቸውና ያንኑ እንዳለ ማስቀረጻቸው ነው። ነገሩ የትምህርት ቤታችንንም የሙዚቃ ክበብ የሚነካ ስለሆነ በዚህ በዓመቱ መጽሔት ላይ ልጽፈው ወደድሁ።

ከውጭ አገር ምሳሌ እጀምራለሁ፤ ወደ አገራችን ለመመለስ ግን አልዘገይም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት፣ ከተልሳ ከተማ የተነሡ ሐንሰን የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች «ኤምምቦፕ» የሚል ዘፈን አወጡ። ታላቁ አይዛክ የ16፣ መካከለኛው ቴይለር የ14፣ ታናሹ ዛክ የ11 ዓመት ልጆች ነበሩ። ዘፈኑ በአሜሪካም በእንግሊዝ አገርም አንደኛ ሆነ፤ ልጃገረዶች በየደረሱበት ይጮኹላቸው ጀመር። ዐዋቂዎቹ ደግሞ «የልጆች ጨዋታ ነው፤ ነገ ይረሳል» አሉ። ሦስቱ ወንድማማቾች ምን አደረጉ? በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1998 ዓ.ም.፣ በየከተማው እየዞሩ በሕዝብ ፊት ከዘፈኑት ውስጥ ቀርጸው «ላይቭ ፍሮም አልበርቴን» የተባለ አልበም አወጡ። አልበርቴን በካርታ ላይ የሌለ፣ ልጆቹ በአሳባቸው የፈጠሩት አገር ነው፤ አብዛኛው ቀረጻ ግን የተደረገው ሲያትል በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ነው።

ይህን አልበም የሰማ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛው የተመልካቹ ጩኸት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ዘፈኑን ሊውጠው ይደርሳል። ሁለተኛው የቴይለር ድምፅ ነው። በስቱዲዮው አልበም ላይ እንደ ሕፃን ድምፅ ይቀጥን የነበረው በአንድ ዓመት ውስጥ ጎርንኗል፤ ስለዚህ ያንኑ የታወቀ ዘፈን ከበፊቱ ዝቅ አድርጎ ይዞታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድምፁ የተሰበረ ልጅ ምን ያህል እንደሚያፍር እኛ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ከማንም ይበልጥ እናውቃለን፤ በክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ እንኳ መከራ ነው። ያ ልጅ ግን በሺሕ በሚቆጠር ሰው ፊት ቆሞ በተለወጠው ድምፁ ዘፈነ፤ ዘፈኑንም ለድምፁ እንዲስማማ አስተካከለው እንጂ ድምፁን አልደበቀም። ከዚህም ጋር «መኒ» የተባለውን፣ ከመወለዳቸው ብዙ ዓመት አስቀድሞ የተዘፈነውን የሌሎች ሰዎች ዘፈን አክለው ዘፈኑ። ከእነርሱ በፊት ዘፋኝ እንደነበረ የሚያውቅ ልጅ ለመብሰል ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ወንድማማቾቹ በኋላ ከሸክላ ኩባንያቸው ጋር ስላልተስማሙ ተለያይተው እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የራሳቸውን አነስተኛ ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ በሕዝብ ፊት የዘፈኑትን ሌላ አልበም አድርገው አወጡ። ሁለቱ የመድረክ አልበሞች በሰባት ዓመት ይለያያሉ። በመጀመሪያው ልጆች ናቸው፤ በሁለተኛው ሙሉ ሰዎች ናቸው። ያ ዕድገት የታየው በጋዜጣ ወሬ ሳይሆን በድምፅ ነው።

ጩኸት ብቻውን ግን ማንንም አያበስልም። ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ፣ ሆሊውድ ቦውል በሚባለው ስፍራ የዘፈኑት ተቀርጾ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከጩኸቱ ብዛት የተነሣ ለሕዝብ ሳይቀርብ ቆይቶ በ1977 ዓ.ም. ነው የወጣው። የሚያዳምጥ ሕዝብና የሚጮህ ሕዝብ አንድ አይደሉም። መድረክ ስል የሚያዳምጥ ሰው ያለበትን መድረክ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ከዚህ ጉዳይ ጋር በጣም የሚቀርበው የአስቴር አወቀ ታሪክ ነው። የጎንደሯ ተወላጅ አስቴር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በአዲስ አበባ ከኮንቲኔንታል፣ ከሸበሌ፣ ከአይቤክስና ከሌሎችም ባንዶች ጋር በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ይዘፍኑ ነበር። በዚያን ጊዜ አንዲት ወጣት ሴት በምሽት ከባንድ ፊት ቆማ መዝፈኗ ቀላል ነገር እንዳልነበረ ወላጆቻችን ያውቁታል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ኑሮአቸውንም በዋሽንግተን አደረጉ። «አስቴር» የተባለው አልበማቸው በ1989፣ «ካቡ» የተባለው ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ወጥተው ስማቸውን ለፈረንጆቹም አስተዋወቁ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለነዚህ ሁለቱ ነው። እኔ ግን በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የወጣውን፣ ለንደን ላይ በሕዝብ ፊት የዘፈኑትን አልበም እመርጣለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በስቱዲዮ የተሠራ ዘፈን እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ነው፤ ሽብሽቡ አይታይም። የመድረኩ ቅጂ ግን ትንፋሽ አለው፤ ባንዱ ዘፋኟን ሲጠብቅ፣ ዘፋኟም ባንዱን ስትመራ፣ ከስደተኛው ሕዝብ መካከል ጭብጨባ ሲነሣ ይሰማል። አገሩ የራቀው ሰው ዘፈኑን ሲቀበል የሚያሰማው ድምፅ በምንም መሣሪያ አይሠራም። አስቴርም ያን ጊዜ ልጅ አልነበሩም፤ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየመድረኩ የተማሩትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይዘው ቀርበዋል። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ካወጧቸው አልበሞች አንዱ «ጨጨሆ» ይባላል። ጨጨሆ የት እንደሆነ ለደብረ ታቦር ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ በጋይንት በኩል ወደ ወሎ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል።)

የአስቴር ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ስለ ወጣቶች ባንድ ስንነጋገር ደግሞ «የኛ» ሳይነሣ አይታለፍም። በ2005 ዓ.ም. አምስት ወጣት ሴቶች በዚህ ስም ተሰባስበው ዘፈንና የራዲዮ ድራማ ያቀርቡ ጀመር፤ ድራማው በአዲስ አበባ በሸገር ኤፍ.ኤም.፣ በክልላችንም በአማራ ራዲዮ ይተላለፍ ነበር። ታላላቅ እኅቶቻችን ራዲዮኑን ከበው ይሰሙ እንደነበረ በየቤቱ ይወራል። ነገሩ ስለ ልጃገረዶች ኑሮ ነበር፤ ያለ ዕድሜ ስለመዳር፣ ከትምህርት ስለመቅረት፣ ስለ ዱላና ስለ ጓደኝነት። ከአስቴር አወቀ ጋር ሆነውም ስለ እቴጌ ጣይቱ ዘፍነዋል። እቴጌ ጣይቱ ደብረ ታቦርን ከቆረቆሩት ከራስ ጉግሣ ዘር የሚወለዱ ስለሆኑ ያ ዘፈን ለእኛ ከሌላው ይልቅ የቀረበ ነው። በአንድ ዘፈን ላይ በመድረክ የበሰለች ታላቅና ገና የጀመሩ ታናናሾች ተገናኙ ማለት ነው፤ ልዩነቱም ለጆሮ ይሰማል።

ሥራው የሚካሄደው ከእንግሊዝ መንግሥት በሚገኝ ርዳታ ነበር። የለንደን ጋዜጦች «ለኢትዮጵያ ዘፋኞች ገንዘባችን ለምን ይወጣል?» እያሉ ብዙ ከጻፉ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ርዳታው ቆመ። በዚያ ክርክር ውስጥ ያሳዘነኝ አንድ ነገር አለ፤ ዘፈኑን ሰምቶ ደኅና ነው ወይም አይደለም ያለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሁሉም የሚናገረው ስለ ገንዘቡ ነበር። የኋላ ኋላ «የኛ» በሌሎች ተዋንያን የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ግን በየፊናቸው ሄዱ። ከነርሱ አንዷ እኅታችን ራሔል ጌቱ «እቴሜቴ» የሚል የራሷን አልበም አውጥታ ሙሉ ዘፋኝ መሆኗን አሳይታለች። «እቴሜቴ» ሁላችንም በልጅነታችን የተጫወትነው ጨዋታ ስም ነው፤ ከልጅነት ለመውጣት የልጅነትን ጨዋታ ስም መምረጧ ብልኅነት ይመስለኛል።

ታዲያ «የኛ» እንደ ባንድ አብረው አረጁ? አላረጁም። በመድረክ ላይ አልቆሙም ማለቴ አይደለም፤ በሕዝብ ፊት ዘፍነዋል። ነገር ግን እኛ ዛሬ የምናውቃቸው ዘፈኖቻቸው በስቱዲዮ ተጣርተው የተሠሩት ናቸው። አምስቱ ድምፆች በአንድ መድረክ ላይ እንዴት ይደጋገፉ እንደነበረ፣ አንዷ ስትደክም ማን ታነሣት እንደነበረ፣ በመጀመሪያው ዓመትና በአራተኛው ዓመት መካከል ምን እንደተለወጠ የሚያሰማ ቅጂ በእጃችን ቢኖር ኖሮ የለንደን ጋዜጣ ስለ ገንዘብ ሲጽፍ እኛ ስለ ድምፅ መልስ በሰጠን ነበር።

ይህ ችግር የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ የዘመኑ ነው። ድሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ መጀመሪያ ላይ የምናገኛቸው ከኢየሩሳሌም በ1916 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ ፈቃድ የመጡት 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው፤ «አርባ ልጆች» ተብለው ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በአደባባይ ነፉ እንጂ ስቱዲዮ የሚባል ነገር አላዩም። ጥላሁን ገሠሠም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ከሀገር ፍቅር መድረክ ቆሙ፤ ቀጥሎም ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለነበር የዚያ ዘመን ወጣት ዘፋኝ ሸክላ ከማስቀረጹ በፊት ለዓመታት በሕዝብ ፊት ይዘፍን ነበር። አቶ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ደፍረው የራሳቸውን ሸክላ ማሳተም በጀመሩ ጊዜ ወደ መቅረጫው የመጡት ዘፋኞች የበሰሉ ነበሩ። ስለዚህ ነው እነዚያ ሸክላዎች እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚፈለጉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊቱን መድረክ አጠበበው፤ ሸክላው በካሴት ተተካ፤ ቀጥሎም አንድ ሰው በአንድ ኦርጋን የባንድን ሥራ ሁሉ መሥራት ቻለ። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ዘፋኙ ግን ብቻውን ቀረ። ዛሬ አንድ ጎበዝ መጀመሪያ ዘፈኑን በስቱዲዮ ያስቀርጻል፤ ከታወቀ በኋላ መድረክ ላይ ይወጣና በተቀዳው ላይ አፉን ያንቀሳቅሳል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

በአዲስ አበባ ከተቀረጹት የመድረክ አልበሞች መካከል በዓለም የታወቀው «ላይቭ ኢን አዲስ» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ከቦስተን የመጣው አይዘር ኦርኬስትራ ከሙላቱ አስታጥቄ፣ ከጌታቸው መኩሪያ፣ ከባሕታ ገብረ ሕይወትና ከሌሎችም ጋር የተጫወተው ተቀርጾ በሚቀጥለው ዓመት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ውስጥ 20ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። ሥራው እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ባንዱ አሜሪካዊ፣ አሳታሚው ፈረንሳዊ ነው። የእኛን ሽማግሌዎች በእኛ ከተማ፣ በእኛ ሕዝብ ፊት ለመቅረጽ ሰው ከቦስተን መምጣት ነበረበት? ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስል አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «ይህ የከተማና የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለደብረ ታቦር ምኗ ነው?» እንደሚሉ ዐውቃለሁ። እኔ ደግሞ ከደብረ ታቦር የተሻለ ምስክር የለም እላለሁ። በአውራጃችን በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። ከሩቅ አገር የመጣ የቆሎ ተማሪ ስንት ዓመት ተምሮ በመጨረሻ የሚመሰከርለት በመምህሩ ፊት ቀርቦ፣ በድምፁ ዘልቆት ነው። «በሌላ ቀን ደኅና አድርጌ ብዬው ነበር፤ ያንን ስሙልኝ» ማለት የለም። በማኅሌት ላይ መቋሚያ ይዞ የቆመ ዲያቆን ቢሳሳት የሚያርመው አጠገቡ የቆመው መሪጌታ ነው፤ ሕዝቡም ይሰማል። ልጁም የሚያድገው በዚያው ነው። ቅዱስ ዜማን ከዘፈን ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ ድምፅ እንዴት እንደሚገራ አባቶቻችን ከሁሉ አስቀድመው እንዳወቁት ለማሳየት ነው።

ዘፈኑንም ከፈለጋችሁ የከተማችንን ስም የያዘውን በዓል ተመልከቱ። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ነው፤ በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ልጆች ዱላቸውን እየመቱ ከደጃፍ ደጃፍ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ይህ የልጆች ባንድ ካልሆነ የልጆች ባንድ ምን ሊባል ነው? አውጪ አለው፤ ተቀባዮች አሉት፤ ምቱን የሚጠብቀው ዱላ ነው። አውጪው በየቤቱ የባለቤቱን ስምና ግብር እያየ ግጥሙን እዚያው ይለዋውጣል፤ ካላሳመረ ሙልሙል የለም። ትንሹ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ከኋላ ሆኖ ይቀበላል፤ በሦስተኛው ዓመት አንድ ስንኝ ይሞክራል፤ በአምስተኛው አውጪ ይሆናል። ድምፁ ሲጎረንን ደግሞ አውጪነቱን ለታናሹ ይለቅና እሱ በወፍራም ድምፁ ይቀበላል። ማንም ሳያስተምረን ይህን ሥርዐት እናውቀዋለን። በቅርብ ዓመታት ግን ድምፅ ማጉያ በጋሪ ጭነው የተቀዳውን ሆያ ሆዬ እያሰሙ ብር የሚጠይቁ ልጆች በሰፈራችን አይቻለሁ። እናቴ ሙልሙሉን ከለከለቻቸው፤ «ለሣጥን እንጀራ አልጋግርም» አለች።

ወደ ትምህርት ቤታችን እንምጣ። ባለፈው ዓመት የወላጆች በዓል ቀን የሙዚቃ ክበባችን አራት ዘፈን አዘጋጅቶ ነበር። ልብሱ አንድ ዐይነት፣ ውዝዋዜው የተለማመዱት፣ ሁሉ ነገር ያማረ ነበር፤ ዘፈኑ ግን በስልክ ላይ የተቀዳ ነበር። በሁለተኛው ዘፈን መካከል መብራት ጠፋ። አምስቱ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ጊዜ ከሁሉ ታንሳ የምትታየው፣ የምትወዛወዘው እንጂ የምትዘፍነው ያልነበረችው ልጅ ከበሮውን ከጥግ አምጥታ መምታት ጀመረች፤ ከወላጆች መካከል አንዲት እናት እልል አሉ፤ ከዚያ ልጆቹ በገዛ ድምፃቸው ቀጠሉ። አንዱ ከምቱ ወጥቶ ነበር፤ ሌላዋ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ከቀረበው ሁሉ ዛሬም ሰው የሚያነሣው ያንን ብቻ ነው። መብራቱ ከተመለሰ በኋላ የተቀዳውን እንደገና ከፍተው አፋቸውን ማንቀሳቀሳቸው ግን እስከ አሁን ይቆጨኛል።

የክበቡ አባሎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ከንቱ አይደለም። «መሣሪያ የለንም፤ ማጉያው ይጮኻል፤ ብንሳሳት ዓመቱን ሙሉ ይሳቅብናል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በደብረ ታቦር ብርድ ጧት ድምፅን ማሞቅም ቀላል አይደለም። ነገር ግን መሰንቆና ከበሮ መብራት አይፈልጉም፤ በዚህ አገር መሰንቆ የሚጫወት ሰው የታጣበት ጊዜም የለም። ስሕተቱን በተመለከተ፣ በሒሳብ ፈተና የተሳሳተ ልጅ ከትምህርት አይባረርም፤ በዘፈን የተሳሳተስ ለምን ያፍራል?

ከዚህ የከበደው ግን የሴቶቹ ልጆች ነገር ነው። በክበቡ ውስጥ በድምፅዋ ከሁላችን የምትበልጥ አንዲት ተማሪ አለች። አባቷ ድምፅዋ በስልክ እንዲቀዳ ፈቀዱላት፤ በመድረክ ላይ እንድትቆም ግን አልፈቀዱም። «ድምፅሽ ይሰማ፤ ፊትሽ አይታይ» ነው ያሉት። ስለዚህ በበዓሉ ቀን የእርሷ ድምፅ ይሰማል፤ አፏን የምታንቀሳቅሰው ግን ሌላ ልጅ ናት። የተቀዳ ዘፈን መጠቀም ለምን እንደተወደደ አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ክበቡንም ብቻውን አልወቅሰውም። አባትየውም ክፉ ሰው አይደሉም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል በአገራችን ለምስጋናም ለስድብም እንደሚውል፣ ስድቡ ደግሞ በሴት ላይ እንደሚብስ ያውቃሉ፤ ልጃቸውን ከዚያ መጠበቃቸው ነው።

ሆኖም ለእርሳቸውና ይህን መጽሔት ለሚያነቡ ወላጆች ሁሉ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። ያቺ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ትወስዳለች፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ወይም ትዳር ትይዛለች፤ ይህን ትምህርት ቤት ትለቃለች። በስልክ ውስጥ የቀረው ድምፅዋ የ16 ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ ይቀራል፤ የማን እንደሆነም ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያስታውስ የለም። በመድረክ ብትቆም ግን መምህራኖቿ፣ ጓደኞቿ፣ ራሳቸው አባቷ ባሉበት፣ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በቀን ብርሃን ነው የምትቆመው። ከዚህ የበለጠ የተጠበቀ መድረክ ከየት ይገኛል? ዘፋኝ ትሁን እያልሁ አይደለም። ሐኪም ልትሆን ትችላለች፤ ጠበቃም። በሰው ፊት ቆማ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ መናገርን ግን በሁሉም ትፈልገዋለች፤ «የኛ»ዎቹ በራዲዮ ይነግሩን የነበረውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ስለዚህ አሳቤን ላቅርብ። በዘንድሮው የወላጆች በዓል የሙዚቃ ክበባችን ስልኩን ይተውና ሁለት ዘፈን ብቻ፣ በመሰንቆ፣ በከበሮና በገዛ ድምፁ ያቅርብ። አራት ይሁን አልልም፤ ሁለት በቂ ነው። ስልኩ ደግሞ ሥራ አይፈታም፤ ማጫወቻ መሆኑ ቀርቶ መቅረጫ ይሁን። ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከማጉያው ራቅ ብሎ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ የሕዝቡም ሳቅ፣ እልልታውም፣ ስሕተቱም አብሮ ይግባ። ቅጂው የዘፋኞቹ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበት በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው፣ ከዚያ በኋላም ሌላው ይጨመርበት። ዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጅ በ12ኛ ክፍል ሆኖ የራሱን ቀጭን ድምፅ ሲሰማ እንዴት እንደሚስቅ ከአሁኑ ይታየኛል።

መሰንቆ የሚመታ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አግኝቻለሁ፤ ፈቃደኛ ነው። ከበሮው በክበቡ ክፍል ጥግ አለ፤ ቆዳው ላልቷልና ከበዓሉ በፊት ፀሐይ ላይ መዋል ይኖርበታል።